የአኳፖኒክስ መትከያ ገንዳ ሙሌት ምንድን ነው?

አኳፖኒክስ ዓሣ ማርባትንና አትክልትን ያለ አፈር ማልማትን በአንድ የሚዘዋወር ውሃ የሚያገናኝ የአመራረት ዘዴ ነው። በመኖሪያ ግቢ የሚሠራው ዓይነት ባብዛኛው ዓሣው የሚኖርበት ገንዳና ከጎኑ ወይም ከበላዩ የሚቀመጥ የአትክልት መትከያ ገንዳ ይኖረዋል። በመትከያው ገንዳ ውስጥ በአፈር ፋንታ የሚሞላው ጠጠር፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም በእሳት የተጠበሰ ሸክላ ሙሌት፣ በሌላ አጠራር ሚዲያ ይባላል። ጀማሪዎች ፓምፑንና ዓሣውን አማርጠው ሲያበቁ ሙሌቱን ቅርብ ካገኙት ክምር መውሰዳቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የተበላሸ ፓምፕ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀየራል፤ ዓሣና ተክል ከገባ በኋላ ብዙ መቶ ኪሎ ሙሌት አውጥቶ በሌላ መተካት ግን ሥራውን ከዜሮ መጀመር ነው።

ሙሌቱ የተክሉን ሥር ደግፎ ይይዛል፤ ከዓሣው ገንዳ የሚመጣውን ኩስና የተረፈ መኖ ያጣራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃውን የሚያክሙት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በእርሱ ላይ ነው። ዓሣ ወደ ውሃው የሚለቀው አሞኒያ ከተጠራቀመ ራሱን ዓሣውን ይገድለዋል። ናይትሮሶሞናስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትሮስፓይራና ናይትሮባክተር የሚባሉት ደግሞ ናይትራይቱን ተክል ወደሚመገበውና ለዓሣ ብዙም ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ሲንሳፈፉ ሳይሆን በአንድ ነገር ገጽ ላይ ተጣብቀው ስለሚራቡ፣ የሙሌቱ ጠቅላላ ገጽ በሰፋ መጠን ብዙ ዓሣ የሚለቀውን ቆሻሻ ማስተናገድ ይቻላል። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር በአንድ ሜትር ኩብ 300 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ ሲኖረው፣ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ከ150 እስከ 200 ካሬ ሜትር ብቻ አለው። ጠጠሩ በደቀቀ ቁጥር ገጹ ይሰፋል፤ ነገር ግን ከ8 ሚሊ ሜትር ካነሰ በመካከሉ ያለው ክፍተት በቆሻሻ ይደፈንና ውሃውም አየሩም አያልፍም፣ ከ20 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ደግሞ ለባክቴሪያው ገጽ ያንሳል፣ ችግኝ ለመትከልም ያስቸግራል። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት መጠኖች መካከል ያለው ጠጠር ተመራጭ ነው።

በምርጫው ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ግን ድንጋዩ ከውሃው ጋር የሚያደርገው ኬሚካላዊ ግንኙነት ነው። አብዛኛው አትክልት ከ5.5 እስከ 6.5 ያለ ፒኤች (የውሃን አሲድነት የሚያሳይ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ሲስማማው፣ ባክቴሪያዎቹ ከ7 ከፍ ያለውን ይመርጣሉ፤ ዓሣው በሁለቱም ዙሪያ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም የሚያስታርቀው ከ6 እስከ 7 ያለው መጠን ነው። የኖራ ድንጋይ፣ እብነ በረድ፣ ዛጎልና የባሕር ኮራል ቀስ በቀስ እየሟሙ ውሃውን ወደ 7.5 እና ከዚያ በላይ ይገፉታል፤ ውሃው በዚህ ደረጃ ሲቆይ ብረትና ማንጋኒዝ ውሃው ውስጥ ቢኖሩም ተክሉ ሊወስዳቸው ስለማይችል፣ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ደም ሥሮቻቸው አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከሉ ቢጫ ይሆናሉ። ገበሬው መኖ ቢጨምር፣ የብረት ማዳበሪያ ቢያክል፣ አሲድ ቢያንጠባጥብ ድንጋዩ እዚያው እስካለ ድረስ ውሃው ተመልሶ ይወጣል። ከእብነ በረድ ቆራጮች የሚገኘው ነጭ ፍርፋሪ ለዓይን ቢያምርም በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከሁሉም የከፋው ነው። በሙገር፣ በድሬዳዋና በመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ በስፋት ስለሚገኝ፣ በእነዚህ ቦታዎች ጠጠር የሚገዛ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ ይኖርበታል። በአንጻሩ ባክቴሪያዎቹ በሥራቸው ውሃውን ወደ አሲድነት እያወረዱት ስለሚሄዱ፣ ፒኤቹ ከ6 በታች ሲወርድ ጥቂት የኖራ ድንጋይ በመረብ ከረጢት አድርጎ ውሃው ውስጥ ማንጠልጠል ጠቃሚ ነው፤ ከረጢቱ በተፈለገ ጊዜ ይወጣል፣ ገንዳ ሙሉ ድንጋይ ግን አይወጣም።

የድንጋዩን ጠባይ ለመለየት የሚያስፈልገው ከሱቅ የሚገዛ አቼቶ ነው። ከተለያየ የክምሩ ክፍል አንድ ጭብጥ ጠጠር ወስዶ፣ አጥቦና አድርቆ በብርጭቆ ውስጥ አቼቶ ማፍሰስ ነው፤ በድንጋዩ ገጽ ላይ ሳይቋረጥ አረፋ ከወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው። ቀዳዳማ ድንጋይ ውስጥ የነበረ አየር መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ስለሚያወጣ፣ ያ ካለፈ በኋላ የሚቀጥለውን መመልከት ይገባል። ሂደቱ ዝግተኛ ከሆነና ጥርጣሬ ካለ፣ ጠጠሩን በሚያገለግለው የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ውስጥ አንድ ሳምንት አቆይቶ ድንጋይ ከሌለበት ተመሳሳይ ውሃ ጋር ፒኤቹን ማነጻጸር የበለጠ ያስተማምናል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ መልሱ ከሌላው ዓለም ይልቅ ቀላል ነው። በስምጥ ሸለቆና በዙሪያው፣ ለምሳሌ በቢሾፍቱና በአዳማ አካባቢ ያሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚሰጡት ቀይና ጥቁር ስኮሪያ፣ በግንባታ ሰዎች ዘንድ ሬድ አሽ የሚባለው፣ ቀዳዳማ፣ መጠነኛ ክብደት ያለውና ባብዛኛው ከኖራ ነፃ የሆነ ድንጋይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የአትክልት ዕቃ መሸጫ ገብተው በ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የተጠበሰ የሸክላ እንክብል በውድ ዋጋ ሲገዙ፣ እዚህ ተመጣጣኝ ነገር ለመንገድ ሥራ ይደፋል። እንክብሉ ቀላልና ለእጅ ለስላሳ መሆኑ አይካድም፤ ስኮሪያ ጠርዙ ስለት ነው፣ ያለ ጓንት ሲነኩት ይቧጭራል። ፑሚስ የሚባለው ሌላው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከስኮሪያ ይቀላል፣ ነገር ግን አንዳንዱ ስለሚንሳፈፍ ውሃ ሲገባ ከችግኙ ጋር ይነሣል። የተፈጨ ባዛልት ጠጠር በኬሚካል በኩል ችግር የለበትም፤ ክብደቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። የጡብ ስብርባሪ የሲሚንቶ ልሳን ካልተጣበቀበት ያገለግላል። ስኮሪያም ቢሆን በደረቅ አካባቢ ከተቆፈረ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ የኖራ ቅርፊት ሊኖርበት፣ ከብሎኬት ማምረቻ ከተገዛ ደግሞ ሲሚንቶ ሊቀላቀልበት ስለሚችል የአቼቶው ፈተና አይቀርለትም።

ክብደትን በተመለከተ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 300 ሊትር ሙሌት ይይዛል። ይህ በስኮሪያ 250 ኪሎ ያህል፣ በባዛልት ጠጠር ከ450 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በጠጠሩ መካከል የሚገባው ከ120 እስከ 150 ሊትር ውሃ ሲጨመር ስኮሪያው እንኳ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ለሚሆን ተጨማሪ ጭነት በመሆኑ፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ወይም በጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ገንዳ መሐንዲስ ሳያማክሩ ማስቀመጥ አይገባም። የመትከያው ገንዳ ውሃ እየሞላና እየጎደለ የሚሠራ በመሆኑ፣ ያው ከ120 እስከ 150 ሊትር ውሃ በሞላ ቁጥር ከዓሣው ገንዳ የሚቀነስ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ የዓሣው ገንዳ ትንሽ ከሆነ ዓሣዎቹ በየዙሩ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይቀራሉ።

የዝግጅቱ አድካሚ ክፍል ማጥለልና ማጠብ ነው። ከካባ የመጣ ስኮሪያ የቀዳዳቸው ስፋት በሚለያይ ሁለት ወንፊቶች ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ አንዴ ደቃቁን ለመጣል፣ አንዴ ትላልቁን ለመለየት። ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ፣ ታቹ በተበሳሳ ባልዲ ወይም ግማሽ በርሜል ውስጥ እያገላበጡ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ማጠብ ያስፈልጋል። ቀዩ አቧራ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፣ የሚፈጀውም ውሃ ብዙ ነው፤ እጣቢውን በግቢ ዛፍ ሥር ማፍሰስ ይቻላል። ይህን ሥራ አሳጥሮ “ሲዘዋወር ይጠራል” ማለት ደለሉን ወደ ፓምፑ፣ ወደ ቧንቧውና ወደ ዓሣው መተንፈሻ መላክ ነው። ሳሙናና በረኪና መጠቀም አይገባም።

ሙሌቱ ከመግባቱ በፊት በውሃ መውጫው ዙሪያ ጎኑ በጠባብ ስንጥቆች የተሰነጣጠቀ ሰፊ የፒቪሲ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህ ጠጠርና ሥር ወደ መውጫው እንዳይገባ ይከላከላል፣ ለጽዳትም እጅ ያስገባል። ጠጠሩ ከባልዲ በእርጋታ ይዘረጋል እንጂ ከከፍታ አይደፋም፤ ስለታም ድንጋይ የፕላስቲክ ንጣፍ ይበሳል። ውሃው ሲሞላ ከላይ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ሁልጊዜ ደረቅ እንዲሆን የመውጫው ከፍታ ይስተካከላል፤ ይህ ደረቅ ንብርብር ብርሃንን ከውሃው ስለሚለይ አልጌን ይገታል፣ የተክሉም ግንድ አይበሰብስም። ከእርሱ በታች ያለው ክፍል ውሃ እየሞላና እየጎደለ አየር ስለሚያገኝ አብዛኛው ሥርና ባክቴሪያ የሚኖረው እዚያ ነው።

የታጠበ ድንጋይ ገና ባክቴሪያ የለበትም። ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ አንድ ሁለት ቀን ክፍት አስቀምጦ ማስነፈስ፣ ከዚያም በጥቂት ዓሣ ጀምሮ አሞኒያና ናይትራይት ወደ ዜሮ እስኪወርዱ ድረስ በመለኪያ መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህ በሞቃት ቦታ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አየር ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ቀድሞ የሚሠራ ጤናማ ገንዳ ያለው ጎረቤት ካለ፣ ከእርሱ አንድ ባልዲ እርጥብ ጠጠር ወስዶ መቀላቀል ጊዜውን ያሳጥረዋል። ዑደቱ ከተረጋጋ በኋላ ለኮምፖስት የሚያገለግሉ ቀይ ትሎች ጥቂት ቢጨመሩ በጠጠሩ መካከል የሚቀረውን ኩስ እየበሉ ያደቁታል። ከጊዜ በኋላ ውሃ በአንድ ቦታ መቋጠር ከጀመረ ሙሌቱ በአንድ ጊዜ ሁሉም ወጥቶ አይታጠብም፤ ባክቴሪያው አብሮ እንዳይጠፋ ሩቡን ብቻ አውጥቶ፣ ከዓሣው ገንዳ በተቀዳ ውሃ አለቅልቆ መመለስና ቀጣዩን ክፍል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መቀጠል ይገባል።