ውዝፍ ደመወዝ በክስ ስምምነት ሲከፈል፦ ታክስና የአካል ጉዳት አበል በአሜሪካ

በአሜሪካ ደመወዙን የተከለከለ ወይም ያለአግባብ የተባረረ ሠራተኛ ከሶ ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ፣ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው ሥራውን ካቆመ ከዓመታት በኋላ ነው። በዚህ መሀል ታሞ የአካል ጉዳት አበል ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ አንዱን ገንዘብ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) እና ሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታና የአካል ጉዳት አበል የሚከፍለው መሥሪያ ቤት) በየራሳቸው ሕግ ይመለከቱታል።

አይአርኤስ የሚያየው የተከፈለበትን ዓመት ነው። በ2021 ለተሠራ ሥራ በ2025 የተከፈለ ውዝፍ ደመወዝ በ2025 ዳብሊው-2 (ቀጣሪ የዓመቱን ደመወዝ የሚያሳውቅበት ቅጽ) ላይ ይሰፍራል፤ 6.2 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና 1.45 በመቶ የሜዲኬር (የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የጤና መድን) ግብርም ይቆረጥበታል። ለሰውነት ጉዳት የተከፈለ ካሳ በአብዛኛው ከግብር ነፃ ነው። ከሰውነት ጉዳት ያልመነጨ የመንፈስ ጭንቀት ካሳ ግን ግብር አለበት፤ የሚመጣውም ደመወዝ ያልሆነ ገቢ በሚገለጽበት በ1099 ቅጽ ነው። ስለዚህ ስንቱ ደመወዝ፣ ስንቱ ካሳ እንደሆነ ውሉ ላይ ለይቶ ማስጻፍ ያስፈልጋል፤ ይህም ከመፈረም በፊት ከጠበቃ ጋር የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው ኤስኤስዲአይ ላይ ነው። ይህ የአካል ጉዳት አበል ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የከፈለ ሰው መብት ሲሆን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚመረምረው ሥራው መቼ እንደተሠራ ነው። በ2025 ዓይነ ስውር ያልሆነ ሰው በወር ከ1,620 ዶላር በላይ ሠርቶ ካገኘ አበሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባ ነበር። የሶሻል ሴኩሪቲ ኮምፒውተር ግን የሚያየው የ2025ን ዳብሊው-2 ብቻ ስለሆነ፣ አንድም ቀን ላልሠራ ሕመምተኛ «ሠርተዋል ወይ?» የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ደብዳቤውን ዝም ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ አበሉ ሊቆምና «ያለአግባብ የወሰዱትን ይመልሱ» ሊባል ይችላል። የስምምነቱን ውል፣ ዳብሊው-2ንና ክፍያው የየትኛው ጊዜ እንደሆነ የሚገልጽ የቀጣሪ ወረቀት አያይዞ መመለስ ይገባል። ኤስኤስኤ-131 የተባለውን ቅጽ ቀጣሪው እንዲሞላ መጠየቅም ይቻላል፤ የተዘጋጀው ለዚሁ ዓይነት ክፍያ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ውዝፉ የዓመቱን ገቢ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ቀድሞ ግብር የማይነካው የኤስኤስዲአይ አበል ራሱ በከፊል ግብር ሊመጣበት ይችላል። የግማሹ አበልና የሌላው ገቢ ድምር ለነጠላ ሰው 25,000፣ ግብራቸውን አብረው ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት 32,000 ዶላር ሲያልፍ ይጀምራል።

ኤስኤስአይ የተባለው ሌላው የሶሻል ሴኩሪቲ አበል ደግሞ ገቢና ሀብቱ አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ የሚሰጥ ስለሆነ ጠበቅ ይላል። ገንዘቡ በገባበት ወር ገቢ ነው፤ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የተረፈው እንደ ሀብት ይቆጠራል፤ ጣሪያው ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። በብዙ ግዛቶች ሜዲኬይድም (የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን) ከዚሁ ጋር ስለተያያዘ፣ ቼኩ ከገባበት ወር ቀጥሎ ያለው ወር 10ኛ ቀን ሳያልፍ ለሶሻል ሴኩሪቲ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጉዳቱ ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ ሰው ከ2026 ጀምሮ ኤብል የተባለ የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሒሳብ ከፍቶ፣ እንደ ሀብት እንዳይቆጠርበት የተረፈውን በዓመታዊው ገደብ ልክ እዚያ ማስቀመጥ ይችላል። የቋንቋ ችግር ያለበት ሰው ሶሻል ሴኩሪቲን በነፃ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ ልጅን ወይም ጎረቤትን ይዞ መሄድ አያስፈልገውም።