ሐይቅ ዳር ፒዛና ፓስታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ ወይም ከዳንግላ ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ጣናን አይቶ፣ በጀልባ ዘጌ ደርሶ ሲመለስ ልጆቹ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ፒዛ ነው። ወላጆች ግን የጣሊያን ምግብ የሚያቀርቡት ሬስቶራንቶች በር ላይ ሲደርሱ ያመነታሉ። የሚያስፈራቸው ነገር አብዛኛው ከሰው የሰሙት ወሬ ነው።

«ፓስታ መቼም የጾም ነው»

ሰው ከሁሉም በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴና ከውሃ ብቻ ስለሚሠራ የጾም ነው። ሜኑ ላይ «በእጅ የተሠራ» ወይም «ትኩስ ፓስታ» የሚል ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚቦካው በእንቁላል ነው። ላዛኛም ሥጋው ቢቀርለት የጾም አይሆንም። በየድርብርቡ መካከል የሚገባው ነጭ ስጎ የሚሠራው ከወተትና ከቅቤ ነው። ስለዚህ «የአትክልት ላዛኛ» የሚለው ስም ረቡዕና ዓርብ እንዳያታልላችሁ። ፔስቶ የሚባለው የፓስታ ስጎ ደግሞ አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠል ብቻ ይመስላል። ቅጠሉ የእኛ በሶብላ ዘመድ ነው፣ ነገር ግን ቺዝ ይገባበታል።

አስተናጋጁን «ይሄ የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሥጋ እስከሌለው ድረስ «አዎ» ሊላችሁ ይችላል። «እንቁላል አለው? ወተት? ቅቤ? ቺዝ?» እያላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። የጣና ዓሣ ያለበት ፓስታ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለነፍስ አባታችሁ እተወዋለሁ።

«ቺዝ የሌለው ፒዛ ፒዛ አይባልም»

ይባላል። በጣሊያኗ ከተማ ናፖሊ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚበላው ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ነው ያለበት። ሊጡም ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው። አንዳንድ ቤት ሊጡ ላይ ወተት ስለሚጨምር እሱን አጣሩ እንጂ፣ «ያለ ቺዝ አድርጉልኝ» ለማለት ማፈር አያስፈልግም።

«ፓስታው አልበሰለም»

እኛ ቤት ፓስታ እስኪላላ ስለሚቀቀል ጠንከር ያለ ሲቀርብልን ጥሬ ይመስለናል። መለያው ቀላል ነው። አንዱን ዘንግ ነክሳችሁ የተቆረጠበትን ቦታ እዩ። መሐሉ ላይ ጎልቶ የሚታይ ነጭ ነጥብ ካለና ጥርስ ላይ ዱቄት ዱቄት ካለ በእርግጥም ጥሬ ነው፤ መልሱት። ነጥቧ ጠፍታ ወይም በጭንቅ እየታየች ሲነከስ ትንሽ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ጣሊያኖች ሆን ብለው የሚያበስሉት እንዲህ ነው። ለሕፃን ወይም ጥርሳቸው ለደከመ እናት «ለስለስ ይበል» ብላችሁ እዘዙ።

የፒዛ ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲያዩ «አርሯል» የሚሉም አሉ። የናፖሊ ፒዛ ከ400 ዲግሪ በላይ በጋለ የእንጨት ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ነጠብጣቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሥሩ ሁሉ ከጠቆረ ግን አርሯል።

«የጠላት ምግብ ነው»

ይህን የሚሉ አባቶችን ከልቤ አከብራለሁ። በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ የተዋጉበት አገር ነው። ፓስታ ግን የፋሺስቶች ሥራ አይደለም። አል ኢድሪሲ የተባለው ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1154 በጣሊያኗ ደሴት በሲሲሊ፣ ትራቢያ በምትባል ቦታ ፓስታ በብዛት እየተሠራ ወደ ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር በመርከብ ይጫን እንደነበር ጽፏል። ስንዴውም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በዱረም ስንዴ ዝርያዎች ብዛት በዓለም ከሚታወቁት አገሮች አንዷ ናት፤ ገበሬው ጣሊያን ሳይመጣ ሲዘራው ኖሯል።

«አሳማ የሌለበት የለም»

ካርቦናራ የሚባለው ፓስታ በትውልድ አገሩ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ፒዛ ላይ የሚደረገው ሳላሚም የአሳማ ሊሆን ይችላል። የቀረው አብዛኛው የበሬ፣ የዶሮ ወይም የአትክልት ነው። ስሙ ከማይገባችሁ ምግብ በፊት ሥጋው የምን እንደሆነ ጠይቁ።

«በሹካ ጠቅልሎ መብላት ግዴታ ነው»

አይደለም። ፒዛ እዚያው ናፖሊ ውስጥም በእጅ ታጥፎ ይበላል። ፓስታ በእንጀራ የለመዱ እናት እንጀራ ይምጣልኝ ቢሉ ነውር የለበትም። አንዱን ፒዛ መሐል አድርጎ መቋደስም እንዲሁ፤ ለየሰው አንድ አንድ እዘዙ የሚል ሕግ የለም።

«የምንከፍለው ሜኑ ላይ ያለውን ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። በቱሪስት አካባቢ ባሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ከዋጋው ውጪ ነው፤ 100 ብር የተጻፈው ቢያንስ 125 ብር ይሆናል። አራት ፒዛ ብታዝዙ ጭማሪው የአምስተኛውን ዋጋ ያህላል ማለት ነው። ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ አንዳንዴ ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ካጣችሁት ሳታዝዙ ጠይቁ።