የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ኩባንያ ምንድን ነው?

«ኩባንያ» ሲባል የአማርኛ አንባቢ ሐሳብ ወዲያው ወደ ንግድ፣ ወደ አክሲዮንና ወደ ትርፍ ይሄዳል። በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች በአንድ የጡብ ሕንፃ ግንባር ላይ «የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ኩባንያ» ተብሎ ተጽፎ የሚታየው ድርጅት ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ቃሉ እዚህ የያዘው የቆየ ትርጉሙን ነው፤ ለአንድ ሥራ ቃል የተጋቡ ሰዎች ጓድ ማለት ነው። በዚህ ትርጉም የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ኩባንያ የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች በመተዳደሪያ ደንብ ተሳስረው፣ ደመወዝ ሳይቀበሉ፣ የሰፈራቸውን ሰውና ንብረት ከእሳት ለማዳን የሚያቋቁሙት፣ የራሱ ጣቢያ፣ የራሱ መኪናና የራሱ ተመራጭ አለቆች ያሉት ማኅበር ነው።

ዕድር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ በፊላዴልፊያ በታኅሣሥ 1736 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋሙት «ዩኒየን» የተባለው የእሳት ኩባንያ ደንቡ ሲነበብ በእርግጥም ዕድርን ያስታውሳል። እያንዳንዱ አባል በራሱ ወጪ የቆዳ ባልዲዎችና ከቃጠሎ የሚተርፈውን ዕቃ ለማሸሽ የሚያገለግሉ የበፍታ ከረጢቶች ገዝቶ ሁልጊዜ ዝግጁ አድርጎ ማስቀመጥ ነበረበት፤ አባላቱ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ከመቀጫው በሚጠራቀመው ገንዘብም መሰላል፣ ረጅም ሜንጦና የውሃ መግፊያ መሣሪያ ይገዛ እንደነበር ፍራንክሊን ራሱ በኋላ ጽፎታል። የአባላቱ ቁጥር በ30 ተወስኖ ነበር። ከዚያ በላይ ለመግባት የጠየቁትም ሌላ ማኅበር እንዲመሠርቱ ስለተመከሩ ኩባንያዎቹ አንዱ ከሌላው እየተወለዱ ከተማዋን ሞሉት።

ፍራንክሊን ወደዚህ ሐሳብ የመጣው በድንገት አልነበረም። በ1735 በራሱ ጋዜጣ ላይ በወጣ ደብዳቤ፣ ሰዎች ፍም በአካፋ ዝቀው ከክፍል ወደ ክፍል፣ ደረጃም ላይ ሳይቀር ይዘው እንዳይዞሩ አስጠንቅቋል፤ የጭስ ማውጫ የሚጠርጉ ሰዎችም ፈቃድ አውጥተው በኃላፊነት እንዲሠሩ ጠይቋል። የእኛ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ዘመድ የሆነው፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሐኪሞች አዘውትረው የሚጠቅሱት የፍራንክሊን አባባል የወጣው ከዚህ ደብዳቤ ነው፤ የተጻፈውም ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ እሳት ነበር። ፍራንክሊን ተወልዶ ባደገበት በቦስተን ከ1717 ጀምሮ የእሳት ማኅበር ነበረ፤ ያ ማኅበር ግን እንደ ዕድር ለአባላቱ ብቻ የቆመ ነበር። የፊላዴልፊያው ልማድ ከዚህ እየራቀ ሄዶ የእሳት ደወል ሲሰማ የማንም ቤት ይሁን መድረስ ግዴታ ሆነ። ከዕድር ጋር ያደረግነው ንጽጽር የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው፤ መዋጮውን አባላት ይከፍላሉ፣ የሚጠቀመው ግን መላው ከተማ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማኅበራት አሠራር ጉልበት እንጂ ጥበብ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰዎች ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ እስከ ቃጠሎው ድረስ በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ በአንዱ የሞላ ባልዲ ወደ እሳቱ ይሄዳል፣ በሌላው ባዶው ይመለሳል። የእጅ ፓምፕ ሲመጣም መሣሪያውን በገመድ እየሳቡ የሚያደርሱት፣ ከግራና ከቀኝ ቆመው ረጅሙን እጀታ እየተፈራረቁ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ሰዎቹ ነበሩ። ፊላዴልፊያ በ1801 ውሃ በቧንቧ ማከፋፈል ስትጀምር፣ በ1803 ደግሞ የቆዳ ቱቦ ይዞ የሚሮጥ ልዩ ኩባንያ ተመሠረተ። በዚህ ዓይነት ውሃውን ከምንጩ አንሥቶ እሳቱ ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ሰው እየቀነሰ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር፣ የእነዚህ ኩባንያዎች የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ሁሉ የሚያስመሰግን አይደለም። ቀድሞ መድረስ ክብር ስለነበረ ኩባንያዎች በመንገድ ላይ ይሽቀዳደሙ፣ የውሃ መቅጃውን ለመያዝ ይደባደቡ ነበር፤ ቤቱ እየነደደ ወጣቶች ጎን ለጎን ሲፈነካከቱ የታዩበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ጣቢያዎቹ የሰፈር ጎረምሶች መሰብሰቢያ በመሆናቸውም ፖለቲከኞች ድምፅ የሚያሰባስቡባቸው ቤቶች ሆኑ። በኒውዮርክ በሙስና ስሙ የገነነው ዊልያም ትዊድ ወደ ሥልጣን የወጣው የአንድ በጎ ፈቃደኛ ኩባንያ አለቃ ሆኖ ነው፤ የኩባንያው ዓርማ የነበረው ነብርም በኋላ የፖለቲካ ቡድኑ ምልክት ሆነ።

በትላልቆቹ ከተሞች በጎ ፈቃደኞቹን ያስቀረው ግን ጠባቸው ብቻ አይመስለኝም። በእንፋሎት የሚሠራው ፓምፕ ብዙ ሰው የሚሠራውን በጥቂት ሰው ይሠራል፤ ክብደቱ ግን ፈረስ ይጠይቃል፣ ፈረስ ደግሞ ሌት ተቀን የሚቀልበውና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ያለ ደመወዝ አይያዝም። ሲንሲናቲ በ1853 ሙሉ በሙሉ ደመወዝተኛ የሆነ የእሳት አደጋ ኃይል አቋቋመች፤ ኒውዮርክ በ1865፣ የነገሩ መነሻ የሆነችው ፊላዴልፊያም በ1871 ተከተሏት።

በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ግን ደመወዝ የሚከፍል ግምጃ ቤት ስለሌለ ማኅበሩ እስከ ዛሬ ቆሟል። አባሉ አናጢ፣ መምህር ወይም ገበሬ ሊሆን ይችላል። ጥሪ ሲመጣ በወገቡ የያዘው መጥሪያ ይጮኻል፤ እሱም ሥራውን ጥሎ ወደ ጣቢያው ይሮጣል። ከመሰማራቱ በፊት ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና ይወስዳል፤ ምክንያቱም እሳቱ ደመወዝ የሚከፈለውንና የማይከፈለውን አይለይም። ዛሬ ከሚደርሱት ጥሪዎች አብዛኞቹ የቃጠሎ ሳይሆኑ የድንገተኛ ሕመም ናቸው፤ የመኪና አደጋና ጎርፍም አሉ። በብዙ ኩባንያዎች አመራሩ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በአደጋው ቦታ የሚያዙ አለቆች በአንድ ወገን፣ ገንዘቡንና ስብሰባውን የሚመሩ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በሌላ ወገን ይቆማሉ። ገንዘቡ ከአካባቢው ግብር ይመጣል፤ የጎደለውን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዶሮ ጠብሶ በመሸጥ፣ በቢንጎ ጨዋታና በቁርስ ግብዣ ይሞሉታል።

ነገሩ ግን ጨዋታ አይደለም። መስከረም 11 ቀን 2001 ከተጠለፉት አውሮፕላኖች አንዱ ፔንስልቬንያ ውስጥ ሲወድቅ ቀድመው የደረሱት የሻንክስቪል መንደር በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በሚያዝያ 2013 ዌስት በምትባል የቴክሳስ ከተማ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ፈንድቶ 15 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እሳቱን ለማጥፋትና ለመርዳት የሮጡ ሰዎች ነበሩ።

ልማዱ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በቺሊ የእሳት አደጋ ተከላካዮቹ በዋና ከተማዋ በሳንቲያጎ ሳይቀር በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ማኅበር በ1851 በወደብ ከተማዋ በቫልፓራይሶ ተመሠረተ። የሳንቲያጎው የተቋቋመው በ1863 አንድ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ ወደ 2,000 የሚጠጉ ምእመናን ካለቁ በኋላ ነው። እዚያም ማኅበሩ የሚጠራው በዚያው ቃል፣ «ኮምፓንያ» ተብሎ ነው።

በአሜሪካ የበጎ ፈቃደኞቹ ቁጥር በ1984 ወደ 900,000 ይጠጋ ነበር፤ በ2020 ወደ 677,000 ወርዷል፤ ያም ሆኖ ከአገሪቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ናቸው። ሰው ከሚኖርበት ርቆ የሚሠራ ሲሆን በቀን ጥሪ የሚደርስ አባል ይጠፋል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ አካባቢዎች ደመወዝተኛውንና በጎ ፈቃደኛውን አጣምረው ይሠራሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሜሪላንድ ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዷ ናት፤ እዚያ የሚያልፈው ቀይ መኪና ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፣ በውስጡ ግን ደመወዝተኛውና ያለ ክፍያ የመጣው አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ።