ሊሚቲንግ ሪአክታንት ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ የኬሚስትሪ ማጠናከሪያ ሳስተምር አንድ ስሕተት ከዓመት ዓመት አይጠፋም። የሁለት ንጥረ ነገሮች መጠን በግራም ተሰጥቶ «ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ የቱ ነው?» ሲባል፣ ብዙው ተማሪ ግራሙ ያነሰውን ያከብበዋል። «ቲቸር፣ ውሃው ትንሽ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነዋ!» ይሉኛል። አሳባቸው ሞኝነት አይደለም። ሚዛን ላይ ትንሽ የሆነ ነገር ቶሎ የሚያልቅ ይመስላል።

ሊሚቲንግ ሪአክታንት ማለት በአንድ ኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ከሚዋሃዱት መካከል ቀድሞ የሚያልቀው ነው። እሱ ካለቀ ሌላው የቱንም ያህል ቢተርፍ ለውጡ ይቆማል፤ የምርቱም ልክ በእሱ ይወሰናል። ቀድሞ የሚያልቀው ግን በክብደት ያነሰው ላይሆን ይችላል። በቁጥር ያነሰውም ላይሆን ይችላል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ አናጢ 12 እግርና 5 መቀመጫ ቢኖረው የሚሠራው 4 በርጩማ ነው። እግሮቹ በቁጥር ከመቀመጫዎቹ ይበልጣሉ፤ ያለቁት ግን እነሱ ናቸው፤ አንድ መቀመጫ ተርፏል። ወሳኙ ያለው ሳይሆን ያለው ለሚፈለገው ሲካፈል የሚወጣው ነው።

ኬሚስትሪ ላይ ይህን ለማድረግ ቅንጣቶቹን መቁጠር አለብን። በእጅ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ በሞል እንቆጥራቸዋለን። ደርዘን 12 እንደሆነ ሁሉ ሞል 6.022 × 10²³ ቅንጣት ነው። የአንዱ ንጥረ ነገር ሞል ከሌላው ሞል እኩል አይመዝንም፤ የ12 ሎሚና የ12 ዱባ ክብደት እንደማይተካከል ማለት ነው። ግራም ከግራም ጋር ማወዳደር የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ምሳሌውን ከፋሲል ግንብ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት አፄ ፋሲለደስ ያሠሩት ግንብ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለትና ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማለትም የተቃጠለ ኖራ፣ ይቀራል። ይህ ውሃ ሲፈስበት እየፈላ ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል፤ አንድ ሞል ኖራ አንድ ሞል ውሃ ይፈልጋል። (ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ዓይን ያጠፋል።)

28 ኪሎ ንጹሕ የተቃጠለ ኖራና 12 ኪሎ ውሃ አለን እንበል። የኖራው አንድ ሞል 56 ግራም ስለሚመዝን 28 ኪሎው 500 ሞል ነው። የውሃው አንድ ሞል 18 ግራም ነው፤ 12 ኪሎው ወደ 667 ሞል ይሆናል። በክብደት ከግማሽ በታች የሆነው ውሃ በሞል በለጠ! ቀድሞ የሚያልቀው ኖራው ነው። 500 ሞል ውሃ፣ ማለትም 9 ኪሎ፣ ይዋሃዳል፤ 3 ኪሎ ይተርፋል። የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አንድ ሞል 74 ግራም በመሆኑ የምናገኘው ቢበዛ 37 ኪሎ ነው። ይህ ቴዎሬቲካል ይልድ ይባላል።

እዚህ ላይ ወረቀቱና ኖራው ከውሃ ጋር የሚዋሃድበት ጉድጓድ ይለያያሉ። ለውጡ የሚያወጣው ሙቀት ከፍተኛ ስለሆነ ከውሃው ከፊሉ ሳይዋሃድ በእንፋሎት ይሄዳል። 3 ኪሎ ትርፍ በቀላሉ ሊበን ስለሚችል፣ በሒሳቡ ኖራ የወሰነው ለውጥ በተግባር ውሃ ያጠረው ሊሆን ይችላል። ኖራ የሚያጠፋ፣ ማለትም የተቃጠለውን ኖራ ከውሃ ጋር የሚያዋህድ ሰው ከሒሳቡ እጅግ አብልጦ ውሃ የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በተጨባጭ የተገኘውን ለቴዎሬቲካል ይልዱ አካፍለን በ100 ስናባዛ ፐርሰንት ይልድ እናገኛለን። 33.3 ኪሎ ከተገኘ 90 በመቶ ነው። የጎደለው እቶኑ ውስጥ በደንብ ባልተቃጠለ ድንጋይ ወይም ከዕቃው ጋር ተጣብቆ በቀረ ዱቄት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ በዚሁ ጥያቄ 40 ኪሎ ጽፎ 108 በመቶ ያወጣ ተማሪ ደስ ብሎት አሳየኝ። 40 ግን 28 ሲደመር 12 ነው፤ የተረፈውን 3 ኪሎ ውሃ አብሮ መዝኖታል። ከ100 በላይ የሆነ ይልድ ካያችሁ መጀመሪያ ምርቱ መድረቁን ጠይቁ።

የግንቡን ድንጋይ ያያያዘው ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ፣ ደግሞ ሌላ ለውጥ አለበት፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ለዚያ 37 ኪሎ 22 ኪሎ ጋዝ ያስፈልጋል። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ወደ ወፍራም ግድግዳ መሃል የሚገባውም ቀስ እያለ ነው፤ ስለዚህ ላዩ ደርቆ ጠንክሮ ሳለ ውስጡ ለረጅም ዓመታት ጋዙን ይጠብቃል።