ላሊበሎች፦ ጎህ ሳይቀድ የሚዜም የቤተሰብ ውርስ

ላሊበሎች በሰሜን ሸዋ፣ በጎጃምና በወሎ ደጋ የሚኖሩ፣ ዜማን ከወላጆቻቸው የሚወርሱ ቤተሰቦች ናቸው። አንዳንዱ ሰው ሀሚና ይላቸዋል። ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ወደ ከተማ ይወርዳሉ።

አዝማሪ ማሲንቆ ይዞ ማታ ጠጅ ቤት ይሠራል። ላሊበላ ግን ያለው ጉሮሮው ብቻ ነው፤ ሰዓቱም ንጋት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሰፈሩ ገና ሳይነሳ፣ ከአንድ ሰው በር ላይ ይቆማል። የባለቤቱን ስም ቀደም ብሎ ከጎረቤት ጠይቋል። ስለዚህ ተኝተህ ሳለ ስምህ በግጥም ሲጠራ ትሰማለህ፤ ከነልጆችህ፣ ከነሥራህ። ብዙ ጊዜ የሚያዜሙት ባልና ሚስት ናቸው። አንዱ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ሳንቲም፣ እህል ወይም ያረጀ ልብስ ይዘህ ከወጣህ ምርቃቱ ይዘንባል፦ «ዘርቶ መቃም፣ ወልዶ መሳም ይስጥህ!» ዝም ብለህ ከተኛህ ደግሞ ግጥሙ ወደ ሽሙጥ ይዞራል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ዜማው ያበቃል።

ይህን ሁሉ ለልመና ብቻ የሚያደርጉት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይከብዳል። ከቤተሰቡ የተወለደ ሰው ማዜሙን ከተወ በቁምጥና ይያዛል የሚል የቆየ እምነት አለ። ልጅ ሙያውን የሚማረው ከወላጆቹ ኋላ እየተከተለ ነው፤ ፍርሃቱንም አብሮ ይወርሳል።

ሳይንሱ ሌላ ይላል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ለይቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የምርምር ተቋም አለ። በሽታው በዘር አይተላለፍም፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒትም ይድናል። እምነቱ ግን በመድኃኒት ብቻ የሚለቅ አይደለም።

ከተማውም ለላሊበላ አልተመቸውም። የግቢ ጥበቃ፣ የሚጮህ ውሻ፣ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፤ ስም የሚነግር ጎረቤትም እንደ ድሮው አይገኝም። ደግሞ እንቅልፉ የተነካበት ተከራይ ይቆጣል፣ አይፈረድበትም።

ኑሮው ተሻሽሎ ሙያውን የተወም አለ። ከእነዚህ መካከል በዓመት አንዴ እንኳ፣ በማያውቁት ሰፈር፣ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው አዚመው የሚመለሱ አሉ ይባላል።