ሴራምፖር የካልካታ ጓሮ አይደለችም፦ ስለ አንዲት የሕንድ ከተማ የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከካልካታ በወንዝ ማዶ ካለው የሃውራ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ሰሜን በሚሄደው የአካባቢ ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የተጓዘ ሰው፣ በሁግሊ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ሴራምፖር የምትባል ከተማ ያገኛል። የአገሬው ሰው ሽሪራምፑር ይላታል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 180,000 ያህል ነበሩ። ስለ ከተማዋ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አያልፍም፤ ወይ «የካልካታ ዳርቻ» ተብላ ትታለፋለች፣ ወይ የአንድ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ስም ይጠራና ወሬው ያበቃል። ለዚህች ከተማ ይህ አይገባትም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካልካታ ስትሰፋ የተፈጠረች ሰፈር ናት»

የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ካልካታ ላይ የንግድ ጣቢያውን የተከለው በ1690 ነው። ዛሬ የሴራምፖር ክፍል የሆነው ማሄሽ ደግሞ የሂንዱ አምላክ የሆነውን የጃጋናትን የሠረገላ በዓል ከ1396 ጀምሮ ሲያከብር እንደኖረ የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። ዓመቱን እንደ ትውፊት ብቻ ብንወስደው እንኳ፣ ዴንማርካውያን ለንግድ የሚሆን ቦታ ፈልገው በ1755 እዚህ ሲደርሱ ያገኙት ባዶ መሬት አልነበረም። ሸማኔ፣ ገበያና የወንዝ ወደብ ነበሩ፤ የመጡትም ለዚያ ሲሉ ነው።

የባቡሩም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በምሥራቅ ሕንድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ነሐሴ አጋማሽ 1854 ከሃውራ ወደ ሁግሊ ሲንቀሳቀስ፣ በመንገዱ ከሚቆምባቸው ጥቂት ጣቢያዎች አንዱ ሴራምፖር ነበር። ከተማዋ ቀድማ ስለነበረች ባቡሩ ቆመላት። በየማለዳው ወደ ካልካታ ለሥራ የሚጎርፈው ሕዝብ ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

«ሕንድ የእንግሊዝ ቅኝ ነበረች፤ ሴራምፖርም እንዲሁ»

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሁግሊ ወንዝ ሽቅብ የሚቀዝፍ ጀልባ የአውሮፓን ካርታ በትንሹ ያይ ነበር። ከካልካታ ሲወጣ መጀመሪያ የዴንማርክ ሴራምፖር፣ ቀጥሎ የፈረንሳይ ቻንደርናጎር፣ ከዚያ የደች ቺንሱራ፣ ከእርሱም በላይ ፖርቱጋሎች የሰፈሩበት ባንዴል ይገኙ ነበር። ሁሉም በአንድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ቀን የጀልባ መንገድ ውስጥ። ዴንማርካውያኑ ከቤንጋሉ ናዋብ (ገዥ) ከአሊቫርዲ ካን ፈቃድ አግኝተው ባንዲራቸውን ከሰቀሉ በኋላ፣ ከተማዋን በንጉሣቸው ስም ፍሬድሪክስናጎር አሏት። ዘጠና ዓመት ያህል በእጃቸው ቆየች።

ዴንማርክን የምታህል ትንሽ አገር እዚያ ምን ታተርፍ ነበር? መልሱ ገለልተኝነት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲዋጉ፣ የማንም ወገን ባልሆነው የዴንማርክ ባንዲራ ሥር የሚጓዝ መርከብ ጭነቱን በደኅና ያደርስ ነበር። ከዚያም በላይ የእንግሊዝ ኩባንያ ባለሥልጣናት በግላቸው ያካበቱትን፣ ብዙ ጊዜም አለቆቻቸው እንዲያውቁት የማይፈልጉትን ሀብት ወደ አውሮፓ የሚያሻግሩት በዴንማርክ ንግድ በኩል ነበር። በናፖሊዮን ዘመን ዴንማርክ ራሷ ከእንግሊዝ ጋር ስትጣላ ግን ይህ ሁሉ ፈረሰ። እንግሊዞች ከተማዋን በ1801 ለጥቂት ጊዜ፣ ከ1808 እስከ 1815 ደግሞ ለዓመታት ያዟት። ወደ ባለቤቷ ብትመለስም ንግዱ አላገገመም። በ1845 ዴንማርክ ሴራምፖርንና በደቡብ ሕንድ የነበረችውን ትራንክባርን በ1,250,000 ሩፒ ለእንግሊዝ ኩባንያ ሸጠች። ነዋሪውን ማንም አልጠየቀውም።

«ሚሲዮናውያኑ በእንግሊዝ ገዢዎች ድጋፍ የመጡ ናቸው»

ብዙ ሰው መስቀልና ሰይፍ ሁልጊዜ አብረው ይጓዛሉ ብሎ ስለሚያስብ ይህን ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል። በሴራምፖር የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግዴን ያውክብኛል፣ ሕዝቡን ያስቆጣብኛል ብሎ ሰባኪዎችን ከግዛቱ ያርቅ ነበር። እንግሊዛውያኑ ሚሲዮናውያን ጆሹዋ ማርሽማንና ዊልያም ዋርድ በ1799 ሲመጡ በካልካታ ሳይቆዩ ቀጥታ የዴንማርክ ባንዲራ ወደሚውለበለብባት ሴራምፖር አመሩ። የከተማዋ ገዥ ኦሌ ቢ ተቀበሏቸው፤ አሳልፈውም አልሰጧቸውም። በመግቢያው ያነሣሁት፣ ከ1793 ጀምሮ በቤንጋል ገጠር ይኖር የነበረው ሚሲዮናዊ ዊልያም ኬሪም በጥር 1800 ተቀላቀላቸው። ሴራምፖርን ከእንግሊዞች የሚለያት የወንዙ ስፋት ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊት ባራክፖር ላይ የእንግሊዝ ጠቅላይ ገዥ የገጠር መኖሪያ ነበር።

ነገሩ ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ አይደለም። ኩባንያው በ1801 ያንኑ ኬሪን በካልካታ ፎርት ዊልያም ኮሌጅ የቤንጋሊ ቋንቋ መምህር አድርጎ ቀጠረው፤ ለወጣት ባለሥልጣናቱ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ያስፈልገው ነበርና። ኬሪ የሚያገኘውን ደመወዝ ለሴራምፖሩ ሥራ ያውለው ነበር። ስለዚህ «የገዢው መሣሪያ» ማለትም፣ «ከገዢው ጋር ምንም ያልነካካው» ማለትም ስሕተት ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ለሚሲዮናውያን በሩን የከፈተው በ1813 ነው።

«የሕትመቱን ሥራ ኬሪ ብቻውን ሠራው»

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ኬሪ በአገሩ ጫማ ሰፊ የነበረ፣ በራሱ ጥረት ቋንቋ የተማረ ትጉህ ሰው መሆኑን ማንም አይክድም። በሴራምፖሩ የሚሲዮናውያን ማተሚያ ቤት የቤንጋሊ አዲስ ኪዳን በ1801 ታትሞ ወጣ፤ እስከ 1830ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ማተሚያ ቤቱ በ40 ያህል ቋንቋዎች ከ200,000 ቅጂ በላይ መጻሕፍት እንዳወጣ ይነገራል። ነገር ግን ፊደሉን ማን ሠራው?

ፓንቻናን ካርማካር የሚባል ከትሪቤኒ የመጣ፣ ከብረት ሠራተኛ ቤተሰብ የተወለደ ቤንጋላዊ ነው። በ1778 በሁግሊ ለታተመው የቤንጋሊ ሰዋስው መጽሐፍ ከቻርልስ ዊልኪንስ ጋር ፊደል የቀረጸ እርሱ ነበር። ሴራምፖር ሲገባ ሙያው በእጁ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ የፊደሉን መልክ ገልብጦ ይቀርጻል። ብረቱን በእሳት ያጠነክረዋል። ከዚያም በመዳብ ቁራጭ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ይመታዋል፤ መዳቡ ላይ የሚቀረው ጎድጓዳ ቅርጽ የፊደሉ ማህፀን ይሆናል። ወደዚያ የቀለጠ እርሳስ ይፈስሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ አንድ ፊደል ይወጣል። በእንግሊዝኛ ይህ ለጥቂት ደርዘን ምልክቶች ይደረጋል። በቤንጋሊ ግን ተነባቢዎች እርስ በርስ ሲጣመሩ አዲስ ቅርጽ ስለሚይዙ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች አንድ በአንድ ሊቀረጹ ይገባል። ከሀ እስከ ፐ ከነእርባታው ለቆጠረ የግዕዝ ፊደል አንባቢ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ፓንቻናን በ1804 አካባቢ ሲሞት ሥራውን የልጁ ባል ማኖሃር ተረከበ። በሌላ በኩል ኬሪን ቤንጋሊ ካስተማሩት አንዱ የሆነው ራምራም ባሱ በ1801 በዚያው ማተሚያ ቤት የታተመ የራጃ ፕራታፓዲትያን ታሪክ ጻፈ፤ ቤንጋላዊ ደራሲ በገዛ ቋንቋው በዝርው ጽፎ ካሳተማቸው የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ነው። በትርጉሙ ሥራ ሁሉ ከኬሪ ጎን የተቀመጡ የአገሩ ሊቃውንት ነበሩ።

መጋቢት 11 ቀን 1812 ምሽት ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ። ወረቀቱ፣ ከእርሳስ የተሠሩት ፊደላት፣ ኬሪ ለዓመታት ያዘጋጃቸው የመዝገበ ቃላትና የትርጉም ረቂቆች ወደሙ። የካርማካር ቤተሰብ የቀረጻቸው የብረት ቅርጾች ግን ከፍርስራሹ ደኅና ወጡ። የቀለጠው እርሳስ ተሰብስቦ እንደገና ፊደል ተሠራበት፤ ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ ዳግም ቀጠለ። የብረት ሠራተኛው እጅ ባይኖር ኖሮ እንደገና መጀመር ዓመታት በፈጀ ነበር። በ1818 ከዚያው ቤት የወጣው ሳማቻር ዳርፓን የተሰኘ ሳምንታዊ ጋዜጣ በሕንድ ቋንቋዎች ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ላንሣ። ሚስት ከሞተ ባሏ ጋር የምትቃጠልበትን የሳቲ ልማድ «ኬሪ አስቀረው» የሚሉ አሉ። ኬሪ ልማዱን አጥብቆ ተቃውሟል፤ በቤንጋል ሕዝብ መካከል ትልቁን ክርክር ያካሄደው ግን ራምሞሃን ሮይ ነው፣ በ1829 የከለከለውም ጠቅላይ ገዥው ቤንቲንክ ነው። ኬሪ አዋጁ እንደደረሰው ወደ ቤንጋሊ ተርጉሞታል፤ ድርሻው ይህን ያህል ነው፣ ትንሽም አይደለም።

«ኮሌጁ የሰባኪዎች ማሠልጠኛ ብቻ ነው፤ የሕንድ ክርስትናም ከአውሮፓ የመጣ ነው»

ሴራምፖር ኮሌጅ በ1818 ሲመሠረት በሩ ለክርስቲያኖችም ለሌሎችም ወጣቶች ክፍት ሆኖ፣ የምሥራቁን ሥነ ጽሑፍና የአውሮፓን ሳይንስ አብሮ እንዲያስተምር ታስቦ ነው። በ1827 የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬድሪክ 6ኛ ዲግሪ የመስጠት መብት ያለው ቻርተር ሰጡት። የካልካታ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1857 መሆኑን ልብ ይሏል። ከተማዋ ስትሸጥ የቻርተሩ መብት በስምምነቱ ተጠብቆ ቆየ። ዛሬ ኮሌጁ የሥነ ጥበብና የሳይንስ ትምህርቱን በካልካታ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሰጣል፤ በመላው ሕንድ ያሉ የነገረ መለኮት ኮሌጆች ተማሪዎች ደግሞ ዲግሪያቸውን የሚያገኙት ከሴራምፖር ሴኔት ነው።

በዚህ መንገድ ዶክትሬታቸውን ካገኙት አንዱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም። ከኬረላ የመጡት ፖል ቨርጊስ በ1940ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ መምህር ነበሩ፣ አማርኛ ተማሩ፣ በ1950ዎቹም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በአማካሪነት ሠሩ። ኋላ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነው ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተባሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ራሷን ከሐዋርያው ቶማስ ስብከት የምትቆጥር፣ ፖርቱጋሎች ሕንድን ከማየታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረች፣ በ1965ቱ የአዲስ አበባ ጉባኤም ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእህትነት የተቀመጠች ናት።

«የሠረገላው በዓል የፑሪ ብቻ ነው»

የጃጋናት ሠረገላ ሲባል ሁሉም የኦዲሻዋን ፑሪን ያስባል። የማሄሹ በዓል ግን በእድሜ ከፑሪ ቀጥሎ እንደሚመጣ ይነገርለታል። በፑሪ ሠረገላዎቹ በየዓመቱ ከእንጨት አዲስ ይሠራሉ፤ የማሄሹ በ1885 የተሠራ፣ 15 ሜትር ያህል ከፍታና 125 ቶን ክብደት ያለው፣ ባለ 12 ጎማ የብረት ሠረገላ ነው። በሰኔና በሐምሌ መካከል፣ በዝናቡ ወቅት፣ ሕዝቡ በወፍራም ገመድ እየሳበ ያወጣዋል፤ ከቀናት በኋላም ወደ ቤተ መቅደሱ ይመልሰዋል። ሰው እየዳመጠ የሚሄድ የጭካኔ መኪና አድርገው የጻፉት የድሮ አውሮፓውያን ተጓዦች ግፊያ ላይ የሚደርስን አደጋ ከአምልኮ ጋር ያደባለቁ ናቸው።

«የመኝታ ከተማ ናት፤ ሥራው ሁሉ ካልካታ ነው»

ወደ ካልካታ የሚመላለሰው ሠራተኛ ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ግን በአጠገቧ ባለችው ሪሽራ በ1855 የሕንድ የመጀመሪያው የጁት (የጆንያ ቃጫ) ፋብሪካ ተተክሎ የወንዙ ዳር በጭስ ማውጫ ተሞልቷል። የቡናችን ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ ከዚሁ ከቤንጋል ምድር የሚበቅል ነው። ፋብሪካዎቹ ከቢሃር፣ ከኡታር ፕራዴሽ፣ ከኦዲሻና ከአንድራ ሠራተኛ ስለሳቡ፣ በከተማዋ መንገዶች ከቤንጋሊ ሌላ ሂንዲ፣ ኡርዱና ቴሉጉ ይሰማሉ። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዳክመዋል፤ ሠራተኛውን ሳያስጠነቅቁ የሚዘጉበት ጊዜም አለ። የሐር ጨርቅ ላይ የማተም ሙያው ግን ዛሬም በሕይወት አለ፤ በ1908 በሽመና ማስተማሪያነት የተጀመረው ተቋምም አሁን የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ኮሌጅ ነው።

«የዴንማርክ ዘመን ሕንፃዎች ፈርሰው አልቀዋል»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ይህ ወደ እውነት የቀረበ ነበር። በ1786 የተከፈተው የዴንማርክ ታቨርን የሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያው ተደርምሶ ዛፍ በቅሎበት ነበር። ከ2008 ጀምሮ የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ከሕንድ የቅርስ ባለሙያዎችና ከምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ጋር ባደረገው ጥገና በ2018 ካፌና ማረፊያ ሆኖ ተከፈተ። በ1806 የተጠናቀቀው የቅዱስ ኦላቭ ቤተ ክርስቲያንም ታድሶ በ2016 የዩኔስኮ የእስያና የፓስፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማት አግኝቷል፤ በግንባሩ ላይ የንጉሥ ክርስቲያን 7ኛ ምልክት አሁንም ይታያል።

ማየት የሚፈልግ ሰው የግማሽ ቀን ጊዜ ይበቃዋል። በማለዳ ወደ ካልካታ የሚገባው ባቡር ስለሚጨናነቅ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው ሰዓት ቢወጣ ይመቸዋል። ከጣቢያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑና እስከ ታቨርኑ በእግር ይደረሳል፣ ኮሌጁም በዚያው ወንዝ ዳር ነው። ሲጨርስ በመጣበት ከመመለስ ይልቅ የሕዝቡን ጀልባ ይዞ ወደ ባራክፖር ቢሻገር፣ በዚያ በኩል ባለው ሌላ የባቡር መስመር ካልካታ ይገባል።