«ወዳጄና መዳብ ቀራጩ»፦ ጀርመኖች በፍቅር ቃል ሲቆጡ

ጀርመን አንድ ልጅ አጥፍቶ ሲያገኘው «ማይን ሊበር ፍሮይንት ኡንት ኩፕፈርሽቴሸር!» ሊለው ይችላል። ቃል በቃል «ውድ ወዳጄና መዳብ ቀራጩ» ማለት ነው። ልጁ መዳብ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ የሚደርሰው መልእክት «ተው! ነቅቼብሃለሁ» የሚል ነው። አባባሉ ዛሬ አሮጌ አሮጌ ይሸታል፤ ለትልቅ ሰውም ይባላል።

መነሻው ሁለት ዓይነት ይነገራል። አንደኛው ወደ ገጣሚው ፍሪድሪሽ ሪውከርት (እ.ኤ.አ. 1788–1866) ይወስደናል። ሪውከርት ካርል ባርት ለተባለ መዳብ ቀራጭ ወዳጁ የጻፈው ግጥም አለ፤ አርእስቱ ባርትን «ጌፋተር» ይለዋል። ይህን ቃል አማርኛ ሳይቸገር ይመልሰዋል፦ አበልጅ። በክርስትና የተሳሰረ ቤተሰብ ለማያውቅ ቋንቋ ግን ረጅም ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ቁጣውን ያስረዳል። መዳብ ቀራጭ የሌላውን ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ቀርጾ ያባዛል፤ እንዲህ ያለ እጅ የገንዘብ ኖትም አስመስሎ መሥራት አይሳነውም። ስለዚህ ወዳጅም ቢሆን በዓይነ ቁራኛ ይታይ ነበር ይባላል። እኔ ይህኛው ይጥመኛል፤ «ውድ» የሚለው ቃል ለምን ማስጠንቀቂያ እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው።

ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ የሚተረጉም ሰው ይህን በፍቅር ቃል የመቆጣት ጠባይ ካላወቀ ይሳሳታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሽማግሌ አንድን ልጅ «ሰኒ» ሲለው ቃሉ «ትንሹ ልጄ» ነው። እንዳለ ወስደን «ዞንሸን» ብንለው ግን ጀርመናዊው አንባቢ ትዝ የሚለው እናቱ ያሞላቀቀችው ልጅ ነው። ሽማግሌው በፍቅር ከተናገረ «ማይን ዩንገ» (ልጄ) ይበቃል፤ በባቫሪያና በኦስትሪያ ደግሞ ያው ልጅ ማለት የሆነው «ቡብ» ይሻላል። ጣቱን ቀስሮ ከሆነ «ፍሮይንትሸን» (ትንሹ ወዳጅ) ነው። «ሸን» የምትባለው ቅጥያ ስምን ታሳንሳለች፣ ታቆላምጣለች፤ «ወዳጅ» ላይ ስትቀጠል ግን ዛቻ ትሆናለች። እኛም ዘንድ «ስማ ወዳጄ!» የተባለ ልጅ ወዳጅነት እንዳልታሰበለት ያውቃል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ በፊት ያንን ድምፅ መስማት አለበት።